የሕይወት ታሪክን በትንሽ ቡድን መጻፍና መካፈል፦ ከመጀመሪያው ቅዳሜ እስከ ደብተሩ ሽፋን

ሐዋሳ ውስጥ ሦስት የታሪክ ጽሕፈት ቡድኖች ሲጀመሩ አብሬ ነበርኩ። የመጀመሪያው በሦስተኛው ሳምንት ፈረሰ። ሁለተኛው፣ አንዲት ሴት ያነበበችው ታሪክ ጸጉር ቤት ደርሶ በመገኘቱ ተበተነ። ሦስተኛው እስከ ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሰበሰባል። ሦስቱም ውስጥ የነበሩት ሰዎች አንድ ዓይነት ናቸው፦ ጡረተኞች፣ አስተማሪዎች፣ የቤት እመቤቶች፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር። ስለዚህ ጉድለቱ ከሰዎቹ አልነበረም። ሰው የሚሰናከለው ሁለት ቦታ ላይ ነው። ጸሐፊው ከልደቱ ይጀምርና ምንም ሳይነግረን ጡረታው ላይ ይደርሳል፤ አድማጩ ደግሞ ሰምቶ ሳይጨርስ መምከር ይጀምራል። ከዚህ በታች ረዘም ያለ ቦታ የሰጠሁት ለእነዚህ ሁለቱ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሰዎቹ። ከአምስት ያላነሰ፣ ከሰባት ያልበለጠ ሰው ሰብስቡ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው አንብቦ አስተያየት እስኪቀበል ሩብ ሰዓት ይወስዳል። ሰባት ሰው ማለት ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ካለፈ የመጨረሻው አንባቢ ሰዓቱን የሚያይ አድማጭ ይደርሰዋል። አራት ብቻ ከሆናችሁ ደግሞ አንዱ ለቅሶ፣ ሌላው ሠርግ ይሄድና ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተፋጦ ይቀራል።

ባልና ሚስትን አንድ ቡድን ውስጥ አታስገቡ። አለቃና ሠራተኛን፣ አማትና ምራትን፣ አበዳሪና ተበዳሪንም እንዲሁ። በመጀመሪያው ቡድናችን አንዲት ሴት ከጋብቻዋ በፊት ስለነበረ እጮኛዋ ጽፋ መጣች። ባሏ ከፊቷ ተቀምጧል። ተራዋ ሲደርስ ወረቀቱን አራት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «አልጻፍኩም» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትጽፈው ስለ ዓመት በዓል ብቻ ሆነ።

ቦታው። ሐዋሳ ላይ መጀመሪያ የሚታሰበው ሐይቅ ዳር ነው። ተዉት። ፍቅር ሐይቅ ቅዳሜ ከሰዓት ፎቶ አንሺው፣ ቆሎ ሻጩና ሙዚቃው አያስወራም፤ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስም ወረቀት ይበትናል። አሞራ ገደል ዓሣ ለመብላት እንጂ ለማንበብ አይሆንም። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከእግራችሁ ሥር የዓሣ አንጀት ሲሻሙ የእናታችሁን ሞት ማንበብ አትችሉም፤ ጦጣዎቹ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ያለ ነገር ሁሉ የእነሱ ይመስላቸዋል። ካፌም አይሁን፣ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ የሚያውቃችሁ ሰው አይጠፋም። የሚሻለው በሩ የሚዘጋ፣ ቴሌቪዥኑ የሚጠፋበት የአንድ ሰው ሳሎን ነው። የቤቱ ባለቤት ቤተሰብ በዚያ ሰዓት እንደማይኖር ወይም ሌላ ክፍል እንደሚሆን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ሰዓቱ። በበጋ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ጥሩ ነው። በክረምት ግን ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ማንም ማንንም አይሰማም፤ ወደ ጠዋት 3 ሰዓት አዙሩት። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ክብረ በዓል ነው፤ ከተማው በምእመን ስለሚሞላና መንገድ ስለሚጨናነቅ በዚያ ቀንና በዋዜማው ቀጠሮ አትያዙ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነውን የፍቼ ጫምባላላን ሰሞንም እንዲሁ ዝለሉት።

ቡናው። ይህን ትንሽ ነገር ብላችሁ አትለፉት። ቡና የምታፈላው ሴት ታሪክ አትሰማም፤ የራሷንም አታነብም። ስትቆላ ጭሱ፣ ስትወቅጥ ድምፁ፣ ስትቀዳ ዓይኗ ሲኒው ላይ ነው። በአንደኛው ቡድናችን አንዲት እናት ለሦስት ሳምንት ቡና አፍልተው አንድም ገጽ ሳያነቡ እንደቀሩ የተገነዘብነው ቡድኑ ከፈረሰ በኋላ ነው። ቡናው ከንባቡ በፊት ተፈልቶ በፔርሙዝ ይቀመጥ፣ እያንዳንዱ ለራሱ ይቅዳ። ወግ ቀረ የሚል ሰው ካለ ንባቡ ካለቀ በኋላ ከአቦል እስከ በረካ መጠጣት ይቻላል።

ዕቃው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ባለ 50 ቅጠል ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ሰዓት መቁጠሪያ ያለው አንድ ስልክ። መብራት ቢጠፋ ሻማ። ሌላ አያስፈልግም።

ደረጃ 1፦ ቃል ኪዳን ግቡ

በመጀመሪያው ቀን ማንም ምንም አያንብብ። የሚከተሉትን አምስት ነጥቦች አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሁሉም በየደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በእጁ ይገልብጥ። መፈረም አያስፈልግም፤ በእጅ መገልበጡ በቂ ነው።

1. እዚህ የተነበበ እዚህ ይቀራል። ለባል፣ ለሚስት፣ ለንስሐ አባት ቢሆን እንኳ የሌላ ሰው ታሪክ አይነገርም።
2. ስልኮች ጠፍተው አንድ ቅርጫት ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሰዓት ከሚቆጥረው በስተቀር።
3. ማንም «አላነብም» ማለት ይችላል። ምክንያት አይጠየቅም።
4. ምክር አይሰጥም።
5. ደብተሩ የጸሐፊው ነው። ሌላ ሰው ያለ ፈቃድ አይከፍተውም።

ማስጠንቀቂያ፦ አንደኛው ነጥብ ላይ «ስሙን ካልጠራሁ ምን አለበት?» የሚል ሰው ይነሳል። ሐዋሳ ትልቅ ከተማ ትመስላለች እንጂ፣ «አንዲት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ፣ ልጇ ዓረብ አገር ያለች» ብሎ ያወራ ሰው ስም እንደጠራ ይቆጠራል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በዚህ ነጥብ የማይስማማ ሰው ቢኖር በዚያው ቀን በሰላም ይሰናበት፤ ከአራት ሳምንት በኋላ ከማሰናበት ይቀላል።

ደረጃ 2፦ አንድ ቀን ምረጡ

አሁን ወደ ጽሑፉ። «ታሪኬን ልጻፍ» ብሎ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚጀምርበት ዓረፍተ ነገር አንድ ነው። ከአንድ ጡረተኛ የመጀመሪያ ጽሑፍ፣ በፈቃዳቸው፣ ስሙን ትቼ፦

«በ1954 ዓ.ም. ከአባቴ ከአቶ እከሌ እና ከእናቴ ከወይዘሮ እከሊት በአለታ ወንዶ ተወለድኩ። ዕድሜዬ ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገባሁ። በ1973 ዓ.ም. ሐዋሳ መጥቼ ሥራ ያዝኩ። ብዙ መከራና ችግር አሳልፌ ለዛሬው በቃሁ።»

ይህ ለሥራ ማመልከቻ ይሆናል፤ ለቀብር ላይ ንባብም ይሆናል። ታሪክ ግን አይደለም። አራት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ሙሉ ዕድሜ አለፈ፤ አንድም ነገር አላየንም። ከሦስት ሳምንት በኋላ እኚሁ ሰው ይህን ይዘው መጡ፦

«አባቴ የሸኘኝ ጫማውን በእጁ ይዞ ነው። ጭቃ ስለነበረ እንዳይበላሽበት። አውቶቡሱ ሲነሳ ጫማውን ከፍ አድርጎ አውለበለበልኝ፤ ሌላው እጁ ዱላ ይዟል። እኔ ጭኔ ላይ በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ አለ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ‹አባትህ ነው?› አለኝ። ‹አይ፣ ጎረቤት ነው› አልኩት።»

ሁለተኛው ላይ «መከራ» የሚል ቃል የለም። ዓመተ ምሕረትም የለም። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ስትነበብ ግን ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ሽማግሌውም ራሳቸው ቀና አላሉም።

ወደዚህ ለመድረስ እንዲህ አድርጉ፦

1. ደብተሩን ክፈቱና በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሃያ ትዝታ ዘርዝሩ። እያንዳንዱ ከአንድ መስመር አይብለጥ። «የመጀመሪያ ደመወዜ»፣ «ታላቅ ወንድሜ የወሰደው ኮት»፣ «የጎርፉ ሌሊት» ዓይነት።
2. ከዝርዝሩ ላይ «ልጅነቴ»፣ «ትዳሬ»፣ «የሥራ ዘመኔ» የሚሉትን ሰርዙ። ዘመን ናቸው፤ ቀን አይደሉም።
3. ከቀሩት ውስጥ ከአንድ ቀን ያልበለጠ፣ አንድ ቦታ ላይ የሆነ፣ ቢያንስ ሌላ አንድ ሰው ያለበትን ምረጡ።
4. ከባዱን አትምረጡ። ለመጀመሪያው ወር ሞት፣ እስር፣ ጦርነት፣ ፍቺ ይቆዩ። ቡድኑ ገና አልተዋወቀም፤ እናንተም ብዕራችሁን አላወቃችሁትም።

ካልሆነ፦ «ምንም አይታወሰኝም» የሚል ሰው አይጠፋም። ዕቃ ጠይቁት። ልጅ ሆነህ የተኛህበት ምን ነበር? መደብ፣ ቁርበት፣ አልጋ? ከማን ጋር? ግድግዳው በምን ተለጥፎ ነበር? ጋዜጣ ከነበረ ምን ይነበብበት ነበር? ከሦስተኛው ጥያቄ በኋላ እጁ ወደ እስክሪብቶው ይሄዳል።

ደረጃ 3፦ ጻፉት

አርባ ደቂቃ ያዙ፤ በቤታችሁ፣ ብቻችሁን። ሦስት የደብተር ገጽ ይበቃል፤ በዝግታ ሲነበብ ከስድስት እስከ ሰባት ደቂቃ ይወስዳል። እያንዳንዱ ሰው አጻጻፉ ስለሚለያይ ግን ቤታችሁ አንድ ጊዜ ጮክ ብላችሁ አንብባችሁ በሰዓት ለኩት።

በመካከል መለስ ብላችሁ አታርሙ፤ የፊደል ስሕተትም ቢሆን። «ሀ» ነው «ሐ» እያለ የሚጨነቅ ሰው ሁለተኛውን ገጽ አያይም።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ሰው አንድ ነገር ሲያደርግ ይታይ። መግቢያ አያስፈልግም። «ከዕለታት አንድ ቀን»፣ «ሁላችንም እንደምናውቀው»፣ «ሕይወት ውጣ ውረድ ናት» የሚሉት እጅ ማሟሻ ናቸው፤ ከጻፋችኋቸው በኋላ ሰርዟቸው።

ሰዎች የተናገሩትን እንደተናገሩት ጻፉ። ሐዋሳ ላይ ይህ ተጨማሪ ነገር አለው። አያታችሁ በሲዳምኛ የተቆጣችሁን በመጽሐፍ አማርኛ ስታስቀምጡት ሴትዮዋ ሌላ ሰው ትሆናለች። ቃሏን በራሷ ቋንቋ በፊደል አስፍሩ፣ ቀጥላችሁ ትርጉሙን በአንድ መስመር ጻፉ። ወላይትኛም፣ ኦሮምኛም፣ ጉራጊኛም እንዲሁ። ስታነቡም ድምፁን አትዋጡት፤ አሰሙት።

ዓመቱ ከጠፋባችሁ

የዚህ አገር ሰው የልደት ቀን መዝግቦ አላደገም፤ ስለዚህ በግምት ዓመተ ምሕረት አትጻፉ። ትዝታውን ሁሉም ከሚያውቀው ነገር ጋር አስሩት። የዕድገት በኅብረት ዘመቻ የተጀመረው ታኅሣሥ 1967 ነው። ትልቁ ድርቅ 1977። የመንግሥት ለውጥ ግንቦት 1983። የኢትዮጵያ ሚሌኒየም መስከረም 2000። ለቅርቡ ደግሞ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በ2008፣ ሲዳማ ክልል የሆነው በ2012፣ የብር ኖቶች የተቀየሩት በመስከረም 2013 ነው። «ሐዋሳ የመጣሁት በ1975 ይመስለኛል» ያለን ሰው «ከድርቁ በፊት ነው በኋላ? ያኔ ልጅ ወልደህ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ራሱ ያስተካክለዋል።

ወረቀት ያላችሁ ሰዎች ሌላ ወጥመድ አለባችሁ። ፓስፖርትና የውጭ አገር ደብዳቤ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ዓመት ነው። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱን አትቀላቅሉ፤ ካስፈለገ «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ለዩ። አንድ ባልደረባችን ሁለቱን ቀላቅሎ ከታላቅ ወንድሙ በፊት ተወልዶ ነበር።

መጻፍ ለማይችሉ

ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እናትና አባት በቡድኑ ውስጥ ቢኖሩ ደስ ይበላችሁ፤ ብዙ ጊዜ የተሻለ ተራኪ እነሱ ናቸው። እንዲህ ይደረግ፦

1. አንድ ሰው ብቻ ቤታቸው ይሂድ። ሁለት ሰው ከሄደ ወግ ይሆናል።
2. ለመቅረጽ ፈቃድ ይጠይቅ፤ ስልኩን የአውሮፕላን ሁኔታ ላይ ያድርግ። ይህን ረስቼ በአንድ እናት ትረካ መካከል ስልክ ተደውሎልኝ ቀረጻው ተቋርጧል፤ ያንኑ ታሪክ በድጋሚ ሲነግሩኝ እንደ መጀመሪያው አልሆነም።
3. ከሃያ ደቂቃ በላይ አይቅረጽ። አንድ ሰዓት ተቀርጾ ወደ ጽሑፍ የሚገለብጠው አይገኝም።
4. ሲገለበጥ ቃላቸው አይታረም። «እናቴ ተቆጡ» ካሉ «ወላጅ እናቴ ቅሬታቸውን ገለጹ» አይባልም።
5. ቡድኑ ፊት ከመነበቡ በፊት ለራሳቸው ይነበብላቸው። «ይህን አውጣው» ካሉ ይውጣ። ከዚያ በኋላ ቀረጻው በፊታቸው ከስልኩ ይሰረዝ፣ ወይም ለልጃቸው ይሰጥ።

ደረጃ 4፦ የሌሎችን ገመና ፈትሹ

ታሪካችሁ ውስጥ ያሉት ሰዎች ቡድኑን አልተቀላቀሉም፤ ቃል ኪዳኑንም አልገለበጡም። ስለዚህ ከማንበባችሁ በፊት ጽሑፉን ይዛችሁ በእያንዳንዱ ስም ሥር መስመር አስምሩ። ሰውዬው እዚህ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ቢሰማ ምን ይላል? «ያፍራል» ከሆነ ስሙን፣ ሰፈሩንና ሥራውን ቀይሩ። «ይጎዳል» ከሆነ፣ ማለትም ትዳሩ ወይም እንጀራው የሚነካ ከሆነ፣ ያንን ክፍል ለጊዜው ደብተራችሁ ውስጥ ብቻ ተዉት። የልጆቻችሁን ሕመምና ጥፋት ልጆቹ አዋቂ ሆነው ካልፈቀዱ አታንብቡ። ስም ማጥፋት በሕግ እንደሚያስጠይቅም አትርሱ።

ሌላ አንድ ነገር፦ በዓይናችሁ ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለዩ። አማርኛ ለዚህ ቀላል ነው፤ ያየሁትን «አየሁ»፣ የሰማሁትን «አሉ» ወይም «ተባለ» በሉ። «ጎረቤቶቻችን ቤቱን አቃጠሉት» እና «ጎረቤቶቻችን አቃጠሉት ተባለ» መካከል ያለው ልዩነት አንዳንድ ጊዜ የቡድኑን ሰላም የሚጠብቅ ነው። በተለይ ስለ ግጭትና ስለ ፖለቲካ ስትጽፉ የሕዝብን ስም ይዛችሁ «እነሱ» ከማለት የአንድን ሰው እጅ፣ የአንድን ሰው ፊት ጻፉ።

ደረጃ 5፦ አንብቡ

1. የዕለቱ ሰዓት ቆጣሪ ሰባት ደቂቃ ይሙላ። ቆጣሪው በየሳምንቱ ይለዋወጥ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን በቡድኑ ውስጥ ብዙ ለሚያወራው ሰው ስጡት። ይጠቅመዋል።
2. ተቀምጣችሁ አንብቡ። ቆሞ ማንበብ ንግግር ያስመስላል።
3. «ይቅርታ፣ ጥሩ አልጻፍኩትም» ብላችሁ አትጀምሩ። ትሕትና ቢመስልም አድማጩን እንዲያጽናናችሁ ሥራ እየሰጣችሁት ነው።
4. ከጽሑፉ ወጥታችሁ አታብራሩ። «እዚህ ላይ ማለት የፈለግኩት…» የሚል ነገር ከመጣ ጽሑፉ ላይ የጎደለ ነገር አለ ማለት ነው፤ ጠርዙ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ቀጥሉ።

ካለቀሳችሁ፦ ይሆናል፤ ምንም አይደለም። ሌሎቻችሁ ግን አትረባረቡ። ወረቀቱን አትንጠቁ፣ አትቀፉ፣ «በቃ፣ በቃ» አትበሉ። ውኃ አስጠጉና ጠብቁ። ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ የዕለቱ ሰብሳቢ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ፦ «ትቀጥያለሽ፣ ሌላ ሰው ያንብብልሽ፣ ወይስ ለዛሬ ይቁም?» የመረጠችው ይሁን። ከብዙ ሳምንት በኋላም ያው ሐዘን እንቅልፍ የሚነሳት፣ ምግብ የሚያስተዋት ከሆነ ይህ ከቡድኑ አቅም በላይ ነው፤ ከምታምነው ሰው ጋር ሆና ሐኪም እንድታይ አንድ ሰው ለብቻዋ ይንገራት።

ደረጃ 6፦ አስተያየት ስጡ

ቡድን የሚፈርሰው እዚህ ነው። ክፉ ሰው ስላለ ግን አይደለም፤ ደግ ሰው ስለበዛ ነው። እኛ ያደግነው የተጨነቀን ሰው ዝም ብሎ ማየት ነውር በሆነበት አገር ነው። ስለዚህ አንባቢው ወረቀቱን ሳያስቀምጥ «አይዞህ፣ ለበጎ ነው»፣ «እኔም እኮ ልክ እንዳንተ…»፣ «ያኔ ከእናትሽ ጋር ብትነጋገሪ ኖሮ…» ይዘንባል። «አይዞህ» ለቅሶ ቤት መድኃኒት ነው። እዚህ ግን በር ይዘጋል፤ የተጽናና ሰው የቀረውን አይናገርም። «እኔም እንዳንተ» ደግሞ ታሪኩን ከባለቤቱ ይቀማል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ አትዝለሉ፦

1. ጸጥታ። ንባቡ ሲያልቅ በሆዳችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ረጅም ይመስላል። ቻሉት።
2. የቀረልኝ። እያንዳንዱ አድማጭ ከጽሑፉ ውስጥ በአእምሮው የቀረውን አንድ ነገር ብቻ ይናገር፦ «ጫማው»፣ «‹ጎረቤት ነው› ያልከው»። «ጥሩ ነው»፣ «ደስ ይላል» አይቆጠርም። ሦስት ሰው አንዱን ነገር ካነሳ ጸሐፊው የታሪኩ ልብ የት እንዳለ ያውቃል።
3. ጥያቄ። ሁለት ወይም ሦስት ጥያቄ፣ ከዚያ በላይ አይሁን። በ«ምን»፣ «የት»፣ «ማን»፣ «ስንት» የሚጀምር ይሁን። «ለምን» የተከለከለ ነው። «ለምን አልተውሽውም?» ጥያቄ አይደለም፤ ፍርድ ነው።
4. መልስ የለም። ጸሐፊው ጥያቄዎቹን ደብተሩ ላይ ይጽፋል እንጂ እዚያው አይመልስም። በቃል የተመለሰ ጥያቄ ወረቀት ላይ አይገባም፤ እንፋሎቱ ይወጣል።
5. «እናመሰግናለን» ብላችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ጥያቄ ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ። አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ «በጣም ደሃ ነበርን» ብለው ጽፈው አነበቡ። ከዚያ አልፈው ሄዱ። ባጃጅ ሹፌሩ፣ የቡድኑ ታናሽ፣ «እትዬ፣ ቤት ውስጥ ስንት ሲኒ ነበራችሁ?» አላቸው። ሕጉን ረስተው መለሱ። «ሁለት» አሉ። ጣታቸውን አውጥተው አሳዩ። «ሁለት። እንግዳ ሲመጣ ለእንግዳውና ለአባቴ ነው። እናቴ ቡና አትወድም እያልን ነው ያደግነው።» ከዚያ ዝም አሉ። ወዲያው «እትዬ፣ ጻፉት» አልናቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ «ደሃ ነበርን» የሚለው ዓረፍተ ነገር ጠፍቶ ሁለቱ ሲኒዎች ገብተዋል፤ የአንደኛው ጆሮ ተሰብሮ በሰም የተጣበቀ ነበር።

ካልሆነ፦ ምክር ማቆም ያቃተው ሰው ካለ (ሁልጊዜ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ የሰፈር ሽማግሌ ነው) ፊት ለፊት አትገሥጹት። ምክሩን ወረቀት ላይ እንዲጽፍና ጸሐፊው ከፈለገ በኋላ እንዲወስድ ጠይቁት። እስከ ዛሬ ሄዶ የወሰደ ሰው አላየሁም፤ መካሪው ግን ልቡ ይረካል።

ደረጃ 7፦ እንደገና ጻፉት

በሳምንቱ ውስጥ ያንኑ ታሪክ ከጥያቄዎቹ ጋር ከአዲስ ጻፉ፤ በአሮጌው ላይ አትደልዙ። «የቀረልኝ» የተባለውን ነገር ወደ መጨረሻው አስጠጉት። ከዚያ የመጨረሻውን አንቀጽ ተመልከቱ። «ከዚህ የተማርኩት…» የሚል ካለ ቁረጡት፤ ሰሚው የተማረውን ራሱ ያውቃል። አንድ ታሪክ ከሦስት ጊዜ በላይ አይታደስ፤ ከዚያ በኋላ መዋብ እንጂ መሻሻል አይሆንም።

ደረጃ 8፦ ወደ ውጭ ማውጣት፣ ከፈለጋችሁ

ማውጣት ግዴታ አይደለም። ለልጅ ልጅ የሚሆን ትንሽ ጥራዝ ለመሥራት ከወሰናችሁ እነዚህን ተጠንቀቁ፦

ቴሌግራም። ግሩፕ ከከፈታችሁ ለቀጠሮ ብቻ ይሁን። ታሪክ የምትልኩበት ከሆነ በግሩፑ ቅንብር ውስጥ መልእክት ማስተላለፍንና ማስቀመጥን የሚከለክለውን አብሩ። እሱም ቢሆን በሌላ ስልክ ስክሪኑን ፎቶ የሚያነሳውን አያስቆምም።

ጽሕፈት ቤት። ደብተራችሁን ለማስተየብ ከሰጣችሁ አጠገቡ ተቀምጣችሁ አስጽፉ። ሲያልቅ ፋይሉ ፍላሻችሁ ላይ መግባቱን አይታችሁ፣ ከኮምፒውተሩ ላይ አሰርዙ፤ ከቆሻሻ መጣያውም ጭምር። በስልክ የጻፋችሁ ከሆነ ለማተም ከመውሰዳችሁ በፊት ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት። አለዚያ ፊደሉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ባዶ ሣጥን ወይም የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይጠብቃችኋል። በድሮ የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ፕሮግራሞች የተጻፈ ፋይል ላይ ይህ በተለይ ያጋጥማል።

ቅጂ። ስንት ቅጂ ለማን እንደሚሰጥ ከመታተሙ በፊት በስም ዘርዝሩ። «ጥቂት ትርፍ ይኑር» የሚባለው ትርፍ የት እንደሚደርስ አይታወቅም።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ታሪክ ከወጣ። የሰማው ሰው በዚያው ቀን ለተጎዳው ሰው በአካል ይንገር፤ በስልክ አይሆንም። በሚቀጥለው ስብሰባ ማንም አያንብብ። «ማን ነው?» ከማለታችሁ በፊት የተጎዳው ምን እንደሚፈልግ ይጠየቅ፦ ይቅርታ፣ የሰውዬው መውጣት፣ ወይስ የቡድኑ መቆም? ያወጣው ሰው ራሱን ከገለጸ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ይሰናበትም። እኛ በሁለተኛው ቡድን ይህንን ገልብጠን አደረግነው። አጥፊ ፍለጋ ጀመርን፤ ስድስት ሰው ስድስት ሰው ጠረጠረ፣ ተጎጂዋን የጠየቃት ግን አልነበረም። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታችን አጭር ነው።

ሁለት ሰዎች አንዱን ነገር በተለያየ መንገድ ካስታወሱ። አብሮ አደጎች ካሉ ይመጣል። አትዳኙ። ሁለቱም በየራሳቸው ይጻፉ፣ በተከታታይ ይነበብ።

ሰው እየቀረ ከሄደ። ሁለት ጊዜ የቀረን ሰው አንድ ሰው ቤቱ ሄዶ ይይ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ያነበበው ታሪክ ነው፤ ብዙ የተናገረ መስሎት አፍሯል። «ያነበብከው ከእኛ ጋር ነው ያለው» በሉት፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ሳያነብ ለመስማት ብቻ ይምጣ።

ሁሉም ሳይጽፍ ከመጣ። አትበተኑ፣ አትወቃቀሱም። ሃያ ደቂቃ እዚያው ጸጥ ብላችሁ ስለ አንድ በር ጻፉ። የማንኛውም ቤት በር ይሁን።

አንድ አባል ቢሞት። ይህን አስቀድማችሁ ጨርሱት። ደብተሩ የማን ነው? ልጆች ይጣሉበታል፤ አንዱ ያቃጥለው ይላል፣ አንዱ ፎቶ ኮፒ ያድርግ ይላል፣ ቡድኑ ደግሞ ምንም መብት የለውም። ስለዚህ በሁለተኛው ስብሰባ፣ ማንም ገና ብዙ ሳይጽፍ፣ እያንዳንዱ ሰው በደብተሩ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚረከበውን አንድ ሰው ስም ይጻፍ፣ ወይም «ሳይነበብ ይቃጠል» ይበል። በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ።